«አላውቅም» ማለት ክልክል ነው

በሐዋሳ መናኸሪያ አውቶቡሶቹ ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ተሳፋሪ የሚጠራው ግን አሁንም ሰው ነበር። ስሙ ኢዮሲያስ ነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ አንገቱ እንደ ወይፈን የወፈረ፣ ሲጣራ ድምፁ የመናኸሪያውን በር አልፎ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው የሚያስደነግጥ ጠሪ። አንድ ጊዜ በመሣሪያ ድምፅ ሊተኩት ሞክረው ነበር። መሣሪያው በጠራ አነጋገር «ክቡራን የዲላ ተሳፋሪዎች» ሲል የዲላ ሰው እሱን የሚጠራ ስላልመሰለው ቆሞ ቀረ፤ አውቶቡሱም ባዶውን ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኢዮሲያስን የነካው የለም።

ኢዮሲያስ እንደ ማንኛውም የከተማው ነዋሪ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው መትፋት ነበር። በየቤቱ፣ ከፊት መታጠቢያው በላይ፣ ከመስታወቱ ጎን የተሰቀለች ነጭ ዕቃ አለች። የአዋጅ ስሟ «የአፍና የጉሮሮ ደኅንነት ማረጋገጫ» ነው፤ ሕዝቡ ግን «እንትፌ» ይላታል። ይተፉባታል፣ ትንሽ ታንጎራጉራለች፣ ከዚያ በለሰለሰ የሴት ድምፅ ቁጥር ትናገራለች። ቁጥሩ ሰውየው በጉሮሮ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ነው። አረንጓዴ የሆነ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ቢጫ የሆነ በራሱ ሳህን ይበላል። ቀይ የሆነ በራሱ ሳህን፣ በራሱ ጠረጴዛ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይበላል። ጉርሻ ከቀረ ቆይቷል፤ ለሙሽሮች ብቻ፣ ያውም በረጅም መቆንጠጫ፣ ፎቶ እስኪነሳ ይፈቀዳል። መቆንጠጫው ከሙሽራው ልብስ ጋር አብሮ ይከራያል።

እዚህ የተደረሰው እንዲሁ አልነበረም። «አሥራ ስድስት» የሚሉት ቫይረስ በብዙ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ካንሰር እንደሚያበቅል ሊቃውንቱ ካወቁ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር ያስቸገራቸው። ለምን ባንዱ አፍ ገብቶ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ለምን በሌላው ሠላሳ ዓመት ይተኛል? በአልጋ እንደሚተላለፍ ይገመታል፤ በመሳምስ? በማንኪያስ? ሰው ሳይታመም ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምርመራስ አለ? ሊቃውንቱ ለዚህ ሁሉ «ገና አላወቅንም» ብለው ሐቁን ተናገሩ። ሕዝቡ ተቆጣ። «አላውቅም» ያለውን ሐኪም ትቶ «አውቃለሁ» ወዳለው አዋቂ ቤት ነጎደ። ይሄኔ የእርግጠኝነት አዋጅ ወጣ። ማንኛውም የጤና ባለሙያ ለታካሚ «አላውቅም»፣ «አልተረጋገጠም»፣ «ሊሆን ይችላል» ማለት ተከለከለ፤ በምትኩ ቁጥር ይሰጣል። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ እንኳ አልነበረም፤ ድምፀ ተዓቅቦ ራሱ አለማወቅ ነውና።

ኢዮሲያስ ይህ ሁሉ አስጨንቆት አያውቅም። ዘወትር አረንጓዴ ነበር። አንድ ጠዋት ግን እንደ ልማዱ ሲተፋ እንትፌ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አንጎራጎረች። ባለቤቱ ማራማዊት ከኋላው ቆማ ጥርሷን ትፍቃለች።

«አቶ ኢዮሲያስ፣» አለች እንትፌ፣ «አሥራ ስድስት ተገኝቶብዎታል። ዕድልዎ ሠላሳ አንድ ነጥብ አራት በመቶ ነው። ቀይ ነዎት። ምንጩ በእርግጠኝነት ተለይቷል፦ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ አርባ ምንጭ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። መልካም ቀን።»

ማራማዊት መፋቂያዋን ካፏ አወጣች። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ አይታ ስንት መስኮት እንደሚያለብስ ከሩቅ የምትገምት፣ ንግግሯም እንደ መቀሷ ቶሎ የሚቆርጥ ሴት።

«አርባ ምንጭ?» አለች።

«ለስልጠና ሄጄ ነዋ! ረሳሽው?»

«የምን ስልጠና?»

«የአጠራር።»

«የአጠራር! ዕድሜ ልክህን ስትጣራ የኖርክ ሰውዬ፣ አጠራር ልትማር አርባ ምንጭ ድረስ?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው የላከኝ! ማርያምን እልሻለሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

«ከማን ጋር?» አለች ማራማዊት።

ከዚህ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። እንትፌ ቀይ ሰው ስታገኝ ለቤት ብቻ አትነግርም፤ ለመሥሪያ ቤትም ለእድርም ታሳውቃለች። ከምሳ በፊት መናኸሪያው ኢዮሲያስን የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ «ከዚያ ሆነህ ጥራ» አለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሮቤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ ሮቤል ቁመታቸው አጭር፣ ሳላቸው ረጅም ነው፤ ከመናገራቸው በፊት ይስላሉ፤ ስለው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ የተፈረደበት ያህል ጸጥ ይላል።

«ልጄ ኢዮሲያስ፣» አሉ፣ ወንበራቸውን ከሱ ራቅ አድርገው፣ «እኛ ልናስታርቅ እንጂ ልናጣራ አልመጣንም። የተጣራ ነገር ነው። ይቅርታ ጠይቃት።»

«ጋሼ፣ ያላደረግኩትን?»

«መሣሪያዋ ማክሰኞ ብላለች። እስቲ አስበው፣ ዕቃ ማክሰኞን ከየት ታመጣለች?»

«እኔስ ከየት አምጥቼ ልንገርዎ?»

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ሮቤል ወደ ሌሎቹ ዞረው፤ «እሷ ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም። ማንን እንመን?»

ሽማግሌዎቹ አመኑ። ኢዮሲያስ ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ። ማራማዊት ኩባያውን ለየችና እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት፤ ክሩ ከሙሽራ ቤት መጋረጃ የተረፈ ነበር። ያገቡ ልጆቻቸው እየደወሉ አባታቸውን «ምነው አባዬ?» ይሉታል፤ እሱም «ምንም» ይላል፤ ልጅ አባቱን አምኖ መሣሪያን የሚጠራጠርበት ዘመን ስላልነበረ ስልኩን ይዘጋሉ። ሚስቱ አጠገቡ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው። ከሁሉ ያሳመመው ይህ ነበር። ራሱን እስኪጠራጠር ደረሰ፤ ያን ማክሰኞ ደጋግሞ ሊያስታውስ ሞከረ፤ የሚመጣለት የአዳራሹ ማራገቢያና የአሠልጣኙ ጫማ ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ጺሙን ሲላጭ ከመንጋጋው ሥር፣ በስተቀኝ በኩል፣ ምላጩ አንድ ጠጠር ነገር ላይ አለፈ። አያምም። ጉንፋን ይሆናል ብሎ ተወው፤ የሚነግረውም ሰው አልነበረውም።

ክረምቱ ሲገባ እንትፌ ታደሰች። እድሳት ማለት ከላይ አዲስ ስሌት ይላክላትና በአንድ ጀንበር አዋቂነቷ ይጨምራል ማለት ነው። ኢዮሲያስ በማግሥቱ ሲተፋ ድምፅዋ እንኳ ደርበብ ብሎ ነበር።

«ስሌቱ ታድሷል። ዕድልዎ አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ በመቶ ነው። ቢጫ ነዎት። ምንጩ በእርግጠኝነት ተለይቷል፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ማራማዊት፣ ከጋብቻ በፊት። መልካም ቀን።»

ኢዮሲያስ የሳሙና አረፋ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ፍራሽ ላይ የከረመ ደግ ሰው። ሚስቱን ጠርቶ «ይህቺ ዕቃ ትቀልዳለች» ሊላት ይችል ነበር። አላለም።

«ማራማዊት!» ብሎ ዲላ እንደሚጠራው ተጣራ፤ «ነይ! ነይ ስሚ!»

መጣች፤ ሰማች። ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ።

«ውሸት ነው፣» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ የአሥራ ስድስትን ክትባት ተከትቤያለሁ። ስምንተኛ ክፍል እያለን፣ ሴቶቹን ብቻ ቢሮ አስገብተው ሲወጉን፣ እናንተ ወንዶቹ በመስኮት ተንጠልጥላችሁ ትስቁብን አልነበር?»

«እንግዲህ መሣሪያዋ ናት ያለችው፣» አለ ኢዮሲያስ። «ዕቃ ከየት ታመጣለች?»

የጋሽ ሮቤልን ቃል ተውሶ መናገሩን ያወቀው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። ግን አልመለሰውም፤ ይባስ ብሎ ጋሽ ሮቤልን ጠራ። እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እነዚያው ወንበሮች፣ ያው ሳል። የተለወጠው አንገቱን የሚደፋው ሰው ብቻ ነበር።

«ልጄ ማራማዊት፣ የተጣራ ነገር ነው። ይቅርታ ጠይቂው።»

«ጋሼ፣ ባለፈው እሱ ነው አላሉም? በዚሁ ቤት፣ በዚሁ አፍዎ?»

«ባለፈው እሱ ነበር፤ አሁን አንቺ ነሽ። እውነት አልተለወጠም፣ ታደሰ እንጂ።»

«ነገስ ማን ሊሆን ነው?»

ጋሽ ሮቤል ሳሉ። «የነገውን ነገ እንሰማለን፣» አሉ።

ማራማዊት ይቅርታ አልጠየቀችም። የልብስ መስፊያዋን ተሸክማ ሱቋ ገባች፤ ከመጋረጃ ክምር መሐል መተኛት ጀመረች። ኢዮሲያስ አልጋው ላይ ተመለሰ፤ ሰፊ አልጋ ነው። መናኸሪያውም ቢጫ ስለሆነ ከመስታወቱ ሳጥን አወጣው። እሱ ግን ሲጣራ ድምፁ እንደ ቀድሞው አልወጣ አለ። ቀኝ ጆሮውን ውስጥ ለውስጥ ይወጋዋል፤ ሲውጥ አንድ ነገር ይዞ የሚያስቀርበት ይመስለዋል። ንዴት ነው አለ። ጥፋቱን ያውቀው ነበርና ቅጣት ቢመስለውም አይፈረድበትም።

ሦስተኛው እድሳት መጣ።

«ስሌቱ ታድሷል። ዕድልዎ ዜሮ ነጥብ ስድስት በመቶ ነው። አረንጓዴ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት። ምንጩ በእርግጠኝነት ተለይቷል፦ ሟች ወይዘሮ ትርሲት፣ በልጅነት፣ በጉርሻ። መልካም ቀን።»

እትዬ ትርሲት አክስቱ ናቸው። እናቱ ስትሞት አንስተው ያሳደጉት፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ በር ዘግቶ ሲያለቅስ ቤት ለቤት ዞረው እድሩን ያቋቋሙ ሴት ነበሩ። የሞቱት በእርጅና ነው፤ ጉሮሯቸውን አንድ ቀን አሟቸው አያውቅም። የእድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ነጠላቸውን አደግድገው የተነሱት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር።

ኢዮሲያስ አንድ ነገር ልቡን ነካውና ፊቱን ሳይጠርግ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ደርሶም አየ፤ ጋሽ ሮቤል መሰላል ላይ ወጥተው ፎቶውን ሲያወርዱ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እንትፌ ስማቸውን ለእድሩ ልካለች፤ የተጣራ ነገር ነው ልጄ። የበሽታ ምንጭ የሆነ ሰው በእድር ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።»

«ያበሉኝ እኮ ናቸው! የራበውን ልጅ ያጎረሱ ሴትዮ!»

«ለሳቸውም ቢሆን ዕድል ሰጥተናል። ተቃውሞ ያለው ካለ ብለን ለአምስት ደቂቃ ለጥፈን ነበር። አልተቃወሙም።»

«ሞተዋላ!»

«እሱ የግል ጉዳያቸው ነው፣» አሉ ጋሽ ሮቤል ከመሰላሉ እየወረዱ።

ኢዮሲያስ ፎቶውን ከእጃቸው ወሰደ። አልተጣላም፤ በብብቱ ይዞት ወጣ፤ እግሩም ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ማራማዊት ሱቅ ወሰደው። እሷ መርፌ ክር ልታገባ ዓይኗን አጥብባ ነበር። ፎቶውን አየች፤ ባሏን አየች፤ ፊቱ ላይ የደረቀውን የሳሙና አረፋ አየች።

«እትዬ ትርሲት ላይ ደረሱ?» አለች።

«ከግድግዳም አወረዷቸው።»

ማራማዊት መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ እየረዘመ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ። ኢዮሲያስ በመጋረጃው ክምር ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«በድዬሻለሁ፣» አላት። «አንቺ እንኳ እኔን ስትጠረጥሪ ተናደሽ ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የጠራሁሽ። እንድታፍሪ ፈልጌ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰምቼዋለሁ፤ መናኸሪያው ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም።» ከወንበሯ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ክንዷንም በአንገቱ ላይ ጠመጠመች። ከዚያ እጇ ባለበት ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«እዚህ ጋ። እንቁላል አክሏል እኮ!»

«እሱ ቆይቷል። አያምም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳሎን ከነበርኩ ጊዜ።»

ማራማዊት ሱቁን እንኳ በወጉ ሳትዘጋ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ሀዊ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ። የምርመራ ክፍሏ ጣሪያ ላይ አንድ ክብ መብራት አለ፤ «ሰሚ» ይሉታል። የተከለከለ ቃል እስካልሰማ አረንጓዴ ያበራል። ሀዊ የኢዮሲያስን ስም ስታነሳ ግድግዳው ቁጥሩን አሳያት።

«አቶ ኢዮሲያስ፣ ዕድልዎ ዜሮ ነጥብ ስድስት በመቶ ነው። እንኳን ደስ አለዎት፣» አለች። ዓይኗ ግን ቁጥሩ ላይ አልነበረም፤ አንገቱ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ዶክተር፣ እብጠት አለኝ።»

«ቁጥርዎ አረንጓዴ ነው።»

«አዎ፣ ግን እብጠት አለኝ። ስውጥም ይይዘኛል፤ ጆሮዬንም ይወጋኛል።»

«ለአረንጓዴ ሰው የተመደበው ምርመራ…» ብላ ጀመረች፤ ቆመች፤ እንደገና ጀመረች። «ለአረንጓዴ ሰው ምርመራ አልተመደበም።»

ኢዮሲያስ ሊነሳ ነው። ማራማዊት ትከሻውን ተጫነችው።

«ልጄ፣ ስሚኝ፣» አለቻት ሀዊን። «በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ በእርግጠኝነት ተነግሮናል። መጀመሪያ እሱ ባለጌ ሆነ፤ ቀጥሎ እኔ ሆንኩ፤ አሁን ደግሞ ያሳደጉት ሴትዮ መቃብራቸው ውስጥ ተወነጀሉ። ሦስቱም እርግጥ ነው። እኔ አሁን ግድግዳውን አልጠይቅም። አንቺን ነው የምጠይቀው፤ ይሄ እብጠት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሀዊ ሰሚውን ቀና ብላ አየችው። ቤተሰብ አላት፤ በዚህ ሥራ የምታስተምረው ታናሽ ወንድም አላት፤ ከሷ በፊት በዚህ ወንበር የተቀመጠው ሐኪም «ሊሆን ይችላል» በማለቱ አሁን ሆቴል እንግዳ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ፊቷ ላይ ሲያልፍ ሁለቱም አዩ።

«አላውቅም፣» አለች።

መብራቱ ቢጫ ሆነ።

«አላውቅም፤ ስለዚህ ልዳስሰው።» ከተነሳች በኋላ ፍርሃቱ የለቀቃት መሰለ። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። እብጠቱን ከግራ ከቀኝ ያዘችው፤ አፉን አስከፍታ በመብራት ወደ ጉሮሮው አየች፤ በጓንት ጣቷ የምላሱን ሥር ነካች፤ ኢዮሲያስ ሊያስመልሰው ደረሰ። «የቀኙ ቶንሲል አብጧል። በመርፌ ናሙና እወስዳለሁ።»

«እንግዲያ ከማን እንደመጣብኝ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» አለ ኢዮሲያስ።

«አልችልም። ቫይረሱ ይሁን አይሁን እንኳ ገና አላውቅም። ቢሆንም አንድ ሰው ውስጥ ስንት ዓመት ተኝቶ እንደቆየ፣ ከማን እንደመጣ መለየት የሚችል ሰው የለም። ከትዳር በፊት ይሁን፣ ከየት ይሁን፣ ማንም አያውቅም።» መርፌዋን አነሳች። «ከየትም ይምጣ፣ እብጠቱ ያለው ግን እዚህ ነው። አይንቀሳቀሱ።»

መብራቱ ቀይ ሆነ።

ናሙናው ካንሰር ነበር። መነሻው ቶንሲሉ፤ ወደ አንገቱ ዕጢ ወርዷል፤ አሥራ ስድስት የተባለውም ቫይረስ ውስጡ ተገኝቷል። ሀዊ ይህን ስትነግራቸው ክፍሏን ተቀምታ ስለነበር ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ነው።

«ይህኛው ዓይነት ሕክምና ይቀበላል፤ ብዙዎቹ ይድናሉ፣» አለቻቸው። «እርስዎ ከብዙዎቹ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም።»

ኢዮሲያስ ግንዱን ተደገፈ። ሞት በስሙ እንደጠራው ገብቶታል። ያም ሆኖ ከዚያ ሁሉ ነጥብና በመቶ በኋላ አንድ ሰው ዓይኑን አይቶ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበርና፣ ልክ የታመመ ጥርሱን ያወለቁለት ያህል ቀለል አለው።

ሕክምናው አዲስ አበባ ነበር። ሆስፒታሉ ያረጀ በመሆኑ አሁንም የሥጋ ናሙና ያምን ነበር። በጨረርና በመድኃኒት ጉሮሮው ተቃጥሎ ምራቁ ነጠፈ፤ ውሃ እንደ እሾህ ይወርዳል። ማራማዊት አጥሚት በማንኪያ እየሰጠች፣ እየለመነች፣ አንዳንዴም እየተሳደበች አቆየችው። «ዋጥ! አርባ ምንጭ ድረስ ለአጠራር የሄደ ሰው አንድ ማንኪያ ያቅተዋል?» ስትለው ይስቅና ሕመሙ ያስለቅሰዋል።

ሐዋሳ ሲመለሱ ኢዮሲያስ ልብሱ ሰፍቶት፣ ድምፁ እንደ ዛገ በር ሆኖ ነበር። እድሩ አልጠየቀውም። ጋሽ ሮቤል መንገድ ላይ ሲያገኙት ተቸግረው አስረዱት፦ «ልንመጣ አስበን ነበር። ግን አረንጓዴ ነህ። አረንጓዴ ሰው ታመመ ብለን ብንጠይቅ ሕመምህን መመስከር ይሆንብናል።» መናኸሪያውም በዚሁ ምክንያት የሕመም ፈቃድ ከልክሎ፣ ከሥራ የቀረበትን ቀን ሁሉ ከዓመት ዕረፍቱ ቆጥሮበታል። ቤት ገብቶ እንትፌ ላይ ሊተፋ ሞከረ፤ ካፉ ምንም አልወጣም።

«ምራቅ አልተገኘም፣» አለች። «የመጨረሻው ቁጥርዎ ይጸናል፦ አረንጓዴ። እንኳን ደስ አለዎት።»

ብዙም ሳይቆይ ሀዊ የእርግጠኝነት ጽሕፈት ቤት ፊት ቀረበች፤ ኢዮሲያስና ማራማዊት በምስክርነት ተጠሩ። ሰብሳቢው መልካም ጠባይ ያለው፣ ክራቫቱን ያሳመረ ሰው ነው።

«የክፍሉ ሰሚ፣» አለ፣ «ሐኪሟ የተከለከለውን ቃል መናገሯን በዘጠና ሦስት ነጥብ ሰባት በመቶ እርግጠኝነት ሰምቷል። አቶ ኢዮሲያስ፣ እርስዎስ ሰምተዋል?»

ኢዮሲያስ ሀዊን አየ። ከመግባታቸው በፊት «አልሰማንም እንበል?» ብለዋት «ስለኔ አትዋሹ» ብላቸው ነበር።

«ሰምቻለሁ፣» አለ በዚያ በዛገ ድምፁ። «ደጋግማ ብላዋለች። አላውቅም ብላ ነው የነካችኝ። አውቃለሁ ብትል ኖሮ ወደ ቤቴ ትልከኝ ነበር።»

«ቁጥርዎ ግን አረንጓዴ ነበር።»

«አሁንም አረንጓዴ ነኝ። ጠዋት እንኳን ደስ አለዎት ተብያለሁ።»

«ታዲያ?» ሰብሳቢው በእውነት ግራ የተጋባ ይመስል ነበር። «መሣሪያዋ ደኅና ነዎት አለች፤ እርስዎም ይኸው ደኅና ነዎት። የተሳሳተችው ምኑ ላይ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት አንዳንዶች ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ማራማዊት ሳትጠራ ተነሳች።

«እንግዲያ ጌታዬ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይሄ ነገር ተመልሶ ይመጣበታል ወይስ አይመጣም? እኔ ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ። በየምሽቱ እጄን አንገቱ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው።»

ሰብሳቢው ወደ ቀኙ አየ፤ ወደ ግራው አየ። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ቀኙ ብርጭቆውን አነሳ፤ ግራው መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

«ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው፣» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

ሀዊ ከከተማ ተነስታ በንሳ፣ ተራራው ላይ ወዳለች አንዲት ጤና ኬላ ተዛወረች። እዚያ መስመር ስለማይደርስ እንትፌም ሰሚም የለም። ቅጣት ነው ተብሎ በዜና ተነገረ። ዜናውም ቦታዋን ከነመንገዱ ስለጠቀሰ፣ ከሳምንት በኋላ የበንሳ አውቶቡስ ሞልቶ መሄድ ጀመረ።

ኢዮሲያስ ወደ ሥራው ተመልሷል። ውሃ የያዘ ጠርሙስ ከእጁ አይለይም፤ ሁለቴ ተጣርቶ አንዴ ይጎነጫል። ድምፁ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄድም፤ ግን ሲሻክር የሚሰማው ሰው ዞር ይላል። የበንሳ ተሳፋሪዎች ከሌላው ይለያሉ። ዕቃ አይዙም፤ እርስ በርስ አይተያዩም፤ በሙቀት ቀን ሻርፕ ይጠመጥማሉ።

አንድ ጠዋት ከነዚህ መሐል አጭር ሰው አየ። ጋቢ እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ሊስሉ ይጀምሩና ያማቸዋል መሰል መሐል ላይ ይተዉታል።

«ጋሽ ሮቤል?» አለ ኢዮሲያስ።

«ዝም በል፣ ስሜን አትጥራ።» ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ወደ ጆሮው ተጠጉ። ከዓመት በላይ ያን ያህል ቀርበውት አያውቁም ነበር። «አረንጓዴ ነኝ እኮ። ዜሮ ነጥብ ሁለት። ግን እዚህ ጋ… እንደው ትንሽ…» ጋቢውን ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑት። ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ሆኖ ነበር። «ያቺ ልጅ፣ ሰው እንደሚለው፣ እውነት ታውቃለች?»

ኢዮሲያስ የእትዬ ትርሲት ፎቶ፣ ሳሎን ያነጠፈው ፍራሽ፣ መሰላሉ፣ ሁሉም በዓይኑ መጣበት። ብዙ የሚመልሰው ነገር ነበረው። ከጠርሙሱ ተጎነጨ፤ ክንዳቸውንም ደግፎ የአውቶቡሱን ደረጃ አስወጣቸው።

«አታውቅም ጋሼ፣» አላቸው። «ይግቡ፤ ከኋላ አንድ ቦታ አለ።»